ወይዘሪት ድርቅ

መብራቱ የጠፋው ልጅቱና ኤሌክትሪሺያኑ በሁለቱ በሮች መካከል ሳሉ ነው።

የምርምር ጣቢያው የስንዴ መስታወት ቤት እንደ ሌላ ቤት በአንድ በር አይገባበትም። በውጭው በርና በውስጠኛው በር መካከል ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል አለች። አንደኛው በር በደንብ ካልተዘጋ ሌላው አይከፈትም። ነፍሳትና የውጭ ስንዴ የአበባ ብናኝ እንዳይገባ ታስቦ የተሠራ ነው። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ግን ሁለቱም ክርችም ይላሉ።

ልጅቱ የችግኝ ትሪ በሁለት እጇ እንደያዘች ቀረች። የበሩን ቁልፍ ሊጠግን የመጣው ኤሌክትሪሺያን መፍቻውን በጥርሱ ነክሶ አጠገቧ ቆሟል።

«አንተ ነህ ያጠፋኸው?» አለችው።

መፍቻውን ከአፉ አወጣ። «እኔ ገና መች ነካሁት! ሰፈሩ በሙሉ ነው የጠፋው።»

«በር ልትጠግን መጥተህ በር ተዘጋብህ በለኛ።»

«እባክሽ ለማንም እንዳትነግሪ። ከዚህ በኋላ ማን ይጠራኛል?»

ሳታስበው ሳቀች። ትሪው ሲያጋድል አይቶ ቀስ ብሎ ተቀበላት። በዚያው ቅጽበት የነጭ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ስልኳ ጮኸ።

«እናቴ ናት። ካላነሳሁ እዚህ ድረስ ትመጣለች።»

የእናቷ ድምፅ ጠባቧን ክፍል ሞላው። «የት ነሽ? ድምፅሽ ምን ሆኖ ነው የታፈነው?»

«መብራት ጠፍቶ በር ተዘግቶብኝ ነው፣ እማ።»

«ወይ ጉዴ! ብቻሽን?»

ልጅቱ ሰውየውን አየችው። እሱ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ አዎ በያቸው ማለቱ ነው። እሷ ግን መዋሸት አትችልበትም።

«የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አብሮኝ አለ።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«ባለሙያ ነው፣ እማ።»

ሰውየው ሳቁን ለማፈን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ውሃስ ይዘሻል?» አሉ እናት።

«አልያዝኩም። አሁን ይከፈታል እኮ።»

«ውሃ ሳትይዢ! ውሃ ሳትይዢ እንዴት ትገቢያለሽ!»

ስልኩን ስትዘጋ ጉንጮቿ ቀልተው ነበር። እሱ ግን አላሾፈባትም። በውስጠኛው በር መስታወት በኩል በረድፍ የተቀመጡትን ማሰሮዎች ያያል። ስንዴዎቹ ጠውልገው ቅጠላቸው እንደ ክር ተጠቅልሏል።

«የሚያጠጣቸው ሰው ረስቷቸው ነው?»

«የማጠጣቸው እኔ ነኝ። ሆን ብዬ ነው የተውኳቸው።»

«ምን አደረጉሽ?»

«በጨዋማ መሬት ላይ በትንሽ ውሃ የሚያድር ስንዴ እየፈለግን ነው። አንድ የቆየ ዘር አለ፤ ፍሬው ቀጫጫ ነው፣ ግን ጨዉን ሥሩ ላይ ይዞ ወደ ቅጠሉ አያሳልፍም። ይኼን የሚያደርግለት አንድ ዘረመል አለው። እሱን ከወፍራሙ ስንዴ ጋር አዳቀልነው። እነዚህ የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። ከመካከላቸው የትኛው የአያቱን ጥንካሬ እንደወሰደ የሚታወቀው ሲጠማ ነው።»

«ጨካኝ ነሽ።»

«ወይዘሪት ድርቅ ነው የሚሉኝ።»

«እኔን ደግሞ ፊውዝ ይሉኛል። ቶሎ ስለምቃጠል ነው አሉ» አለና እየሳቀ አያት። ዓይኑን ወዲያው አላነሳም። እሷም ዓይኗን የምታሳርፍበት ሌላ ቦታ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ አላገኘችም።

መብራት መጣ። በሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ልጅቱ ግን ትሪዋን ለመቀበል ትንሽ ዘገየች።

ከዚያ በኋላ በሩ የሚበላሽበት ምክንያት አላጣም። አንድ ቀን ሽቦው ላላ፣ ሌላ ቀን አምፖሉ ብልጭ ድርግም አለ። በእውነት የተበላሸው የውስጠኛው በር ጎማ ብቻ ነበር፤ አርጅቷል። ባዶ እጁን የሚወጣ ሰው ከኋላው በኃይል ስቦ ይዘጋዋል፣ እጁ ለተያዘ ግን ውስጥ ያለ ሰው ገፋ ካላደረገለት ቀጭ አይልም፣ ቀጭ ካላለ ደግሞ የውጭው በር አይከፈትም።

«መለዋወጫው ታዟል» ይላል ፊውዝ።

«መቼ ይመጣል?»

«እንዳይመጣ እየጸለይኩ ነው።»

የሚገናኙት በዚያች ክፍል ውስጥ ነበር። እሷ ትሪ ይዛ ስትገባ እሱ መሰላሉን ይዞ ሲወጣ፣ አንዱ በር ተዘግቶ ሌላው እስኪከፈት ያለችው ጊዜ የእነሱ ናት። አንዳንድ ቀን አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ይተላለፋሉ። ልጅቱ ግን ያን ዝምታ ይዛ ቀኑን ሙሉ ትውላለች።

ከሥራ ውጭ ጊዜ የላትም። ቤቷ ስትገባ እናቷ የግቢውን በር ይቆልፋሉ። ቁልፉ በክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ነው የሚውለው። ፀሐይ ሳትጠልቅ መግባት አለባት፤ አውቶቡስ ከዘገየ ስልክ፣ ከአውቶቡስ ስትወርድ ስልክ። ቤቱ ውስጥ ውሃ ያልተቀመጠበት ጥግ የለም። በአልጋ ሥር ጀሪካን፣ በመስኮቱ ላይ ጠርሙስ፣ በቁም ሳጥኑ ጀርባ ሌላ ጀሪካን። እንግዳ ሲመጣ እናት ከሰላምታ በፊት ውሃ ያቀርባሉ። በረንዳው ላይ በአሮጌ ጣሳ የተተከሉ አበቦች አሏቸው። ሲያጠጧቸው ጠቋሚ ጣታቸውን በግንዱ ሥር አፈሩ ውስጥ ሰክተው ጉድጓድ ያበጃሉ፣ ውሃውን በዚያች ቀዳዳ ቀስ አድርገው ያንቆረቁራሉ። «ሥሩ ጋ ካልደረሰ ምን ዋጋ አለው» ይላሉ።

ልጅቱ ይህን ሁሉ ለፊውዝ የነገረችው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

«አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። በጨው ሜዳው መንገድ ይመላለስ ነበር። አንድ ቀን ቸኩሎ ሲወጣ እናቴ የሞላችለት ጀሪካን በሩ ላይ ቀረ። መኪናው ሜዳው መሃል ተበላሸ። ሰዎች ሲደርሱ በመኪናው ጥላ ሥር ነበር ያገኙት።»

ፊውዝ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ያን ቀን እሱም ይዞት የመጣው ወሬ ነበረው።

«እኔ ወደ ጨው ሜዳው ጣቢያ ልላክ ነው» አለ። «የፀሐይ ኃይል ፓምፖቹን እንድተክል። ያንቺም ስንዴ ፈተናውን ካለፈ እዚያ ነው የሚተከለው፣ አይደል?»

«ስንዴውም፣ ያዳቀለው ሰውም አብሮ ይሄዳል ብለዋል የጣቢያው ኃላፊ፣ ፕሮፌሰሯ።»

«ታዲያ አግቢኝና አብረን እንሂድ።»

ከኋላዋ አንድ በር፣ ከፊቷ አንድ በር አለ፤ ሁለቱም ዝግ ናቸው።

«እኔስ እሺ እላለሁ» አለች። «እናቴ ግን...»

«እኔ አነጋግራቸዋለሁ።»

አነጋገራቸውም። እናት የግቢውን በር ገርበብ አድርገው በስንጥቁ ነበር የሰሙት።

«ሥራህ ምንድን ነው ልጄ?»

«የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነኝ፣ እማማ።»

«ያ በር የተዘጋባችሁ ዕለት የነበርከው?»

«እኔው ነኝ።»

«ጥሩ። የት ልትወስዳት ነው?»

ነገራቸው። በሩ ድምፅ ሳያሰማ ተዘጋ። ከውስጥ ቁልፉ ሲዞር ሰማ።

በሚቀጥለው ቀን እናት የክት ነጠላቸውን ለብሰው ወደ ምርምር ጣቢያው መጡ። ፕሮፌሰሯን አግኝተው ልጃቸው ከሚላኩት ሰዎች ውስጥ እንድትወጣ ሊለምኑ ነው። ፕሮፌሰሯ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ልጅቱም በዚያን ሰዓት ላቦራቶሪ ውስጥ ከየስንዴው የተቆረጠች ቁራጭ ቅጠል እየፈጨች ዘረመሉ ያለበትንና የሌለበትን ትለያለች። ዘረመሉ ቢኖርም ተክሉ በቁሙ ካልተፈተነ አይታመንም፤ ስለዚህ ዋናው ነገር የመስታወት ቤቱ ጥም ነበር። ሊያልቅ አንድ ቀን ቀርቶታል።

እናትን በር ላይ ያገኛቸው ፊውዝ ነው። ደነገጠ። ቀጥሎም አንድ ሐሳብ መጣለት፦ የልጃቸውን ሥራ በዓይናቸው ቢያዩ ልባቸው ይራራ ይሆናል።

«ይምጡ እማማ፣ ፀሐይ ላይ አይቁሙ። ልጅዎ የምትሠራበትን ላሳይዎት።»

በሁለቱ በሮች አስገብቶ ወንበር ሰጣቸው። ወዲያው ግን ስልኩ ጮኸ። የዋናው ሕንፃ ማከፋፈያ ሳጥን ጭስ እያወጣ ነው። «አንድ ጊዜ፣ እመለሳለሁ» ብሎ ሮጠ።

እናት ብቻቸውን ቀሩ። ዙሪያቸውን አዩ። አፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ቅጠሉ ተጠቅልሎ አንገቱን ደፍቷል። ጥግ ላይ ቧንቧና አንድ ባልዲ አለ። ባልዲውን ብድግ አደረጉ።

ልጅቱ ከላቦራቶሪ ስትመለስ እናቷ ፕሮፌሰሯን መጠበቅ ሰልችቷቸው ወደ ቤት ሄደዋል። የውስጠኛውን በር ስትከፍት እርጥብ አፈር ሸተታት። በየማሰሮው፣ በየግንዱ ሥር፣ የጠቋሚ ጣት ጉድጓድ አለ። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃው ገና አልደረቀም።

የማን ጣት እንደሆነ ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። ባልዲው አጠገብ ተቀመጠች።

ፕሮፌሰሯ ሲመጡ በንዴት ፊታቸው ጠቁሯል። «አሁን ደካማውና ጠንካራው እንዴት ይለያል? ሁሉም ጠጣ! ማን ነው እዚህ የገባው?»

ልጅቱ አፏን ከፈተች። እናቷ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ተጠርተው ሲቆሙ ታያት።

«እኔ ነኝ» አለ ከበሩ በኩል ፊውዝ። እጁ በጥላሸት ጠቁሯል። «የደረቁ መስሎኝ አጠጣኋቸው።»

«አንተን ማን አጠጣ አለህ? ቁልፍህን አስቀምጥና ውጣ! የፓምፑንም ሥራ ሌላ ሰው ይሠራዋል።»

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ልጅቱን አየት አደረጋት፤ ዝም በይ የሚል አስተያየት ነበር። ዝም አለች። ጎማው ያረጀውን በር ከውስጥ ገፍታ የዘጋችለትም እሷው ናት። ቀጭ ሲል የሆነ ነገር ደረቷ ውስጥ አብሮ ተዘጋ። እውነቱን ብትናገር እናቷን፣ ብትተው እሱን ልታጣ ነው። በመስታወቱ በኩል መሰላሉን ተሸክሞ ሲሄድ ጀርባውን እስኪሰወር አየችው።

ቤት ስትደርስ እናቷ ፊታቸው በርቶ ጠበቋት።

«አገገሙ?» አሉ ገና ከመግባቷ።

«ምኖቹ?»

«ስንዴዎችሽ ናቸዋ! በጥም ሊሞቱ ነበር እኮ። ሥራ ስለበዛብሽ ነው ብዬ አንዱንም ሳላስቀር አጠጣሁልሽ። ወገቤ እስኪቆረጥ! ያ ልጅ ደግሞ ክፉ አይደለም፤ ወንበር ሰጠኝ። ሜዳው ነው እንጂ የጠላሁት እሱን አይደለም።»

ልጅቱ የያዘችው እንባ መጣ። እናት ደነገጡ።

«ምን ሆንሽ? ምን አደረግሁ?»

«ሆን ብዬ ነው ያስጠማኋቸው፣ እማ።»

«ሆን ብለሽ?»

«ሜዳው ላይ መኖር የሚችለውን ለመለየት። ስንት ዘመን የለፋንበት ነው። እሱ ደግሞ እኔ ነኝ ያጠጣሁት ብሎ ባንቺ ፈንታ ተባረረ። እኔም ዝም አልኩ። ያንቺን ጣት እያየሁ ዝም አልኩ!»

እናት እጃቸውን ገልበጥ አድርገው ጣታቸውን አዩት። ከጥፍራቸው ሥር አፈር ነበር። ራት አልቀረበም፣ ያስታወሰውም የለም።

ጠዋት ልጅቱ ስትነሳ ቤቱ ጭር ብሏል። ወደ ግቢው ወጣች። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቁልፉ ከነክሩ መቆለፊያው ላይ ተንጠልጥሏል። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። ጫማዋን በቅጡ ሳታስር ሮጠች።

ስትደርስ እናቷ ፕሮፌሰሯ ፊት ቆመው ነበር።

«እኔ ነኝ፣ እመቤቴ» ይላሉ። «ልጁ አልነካም። ልጄም ያላጋለጠችኝ ለኔ ብላ ነው። ባሌ በጥም ነው የሞተብኝ። ከዚያ ወዲህ የጠማው ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም። እስራትም ቢሆን እቀበላለሁ።»

ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «እስራት የለም፣ እናቴ። ግን ስንዴው አይመለስም።» ወደ ልጅቱ ዞሩ። «ከዘሩ የተረፈ አለ?»

«አለ። ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ።»

«እንግዲያው እንደገና ዝሪ። ልጁ ወደ ፓምፑ ይሂድ። እዚህ መስታወት ቤት ግን ዓይኑን እንዳላይ!»

ፊውዝ ወደ ጨው ሜዳው ብቻውን ሄደ። ከዚያ ሲደውል ኔትወርኩ እየቆራረጠ ግማሹን ወሬ ነፋስ ይበላዋል። «ፓምፑ... ውሃው ወጣ... አንቺ...» ሲል መስመሩ ይቋረጣል፤ ልጅቱ የጎደለውን ራሷ እየሞላች ትተኛለች።

ዘሩ በቀለ፣ አደገ። ጨዉን በጥቂት በጥቂቱ እያለማመደች ጨመረችበት። በመጨረሻም ውሃውን አቋረጠች። እናት ምሳዋን ይዘው መምጣት ጀመሩ። ወደ ውስጥ ግን አይገቡም። ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጭናቸው ሥር ሸጉጠው በመስታወቱ ያያሉ።

«ዛሬም አታጠጪም?»

«ዛሬም።»

«ያችን የዳሯን እንኳ፤ በጣም ያሳዝናል አኳኋኗ።»

«እማ!»

«እሺ እሺ። ምን አልኩ?»

እንዲህ ሲሉ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል፣ ከድንጋዩ ግን አይነሱም። እያጎረሱ ያሳደጓት እጆች እንዲህ የከበደ ሥራ የሠሩበትን ጊዜ ልጅቱ አታስታውስም።

ጥሙ ያበቃበት ቀን ባልዲውን ሞልታ ወጣች።

«ነይ፣ አንቺ አጠጫቸው።»

እናት አላመኑም። ከዚያ ግን እያንዳንዱን ማሰሮ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን በግንዱ ሥር እየሰኩ፣ በቀዳዳው እያንቆረቆሩ ረድፉን ጨረሱት። በማግሥቱ ብዙዎቹ እንደደረቁ ነበሩ። ጥቂቶቹ ግን ቅጠላቸውን ዘርግተው ቀና ብለዋል። ያች የዳሯም ከነሱ አንዷ ናት።

«አላልኩሽም!» አሉ እናት፣ ምንም እንዳላሉ ረስተው። ቅጠሏን በጣታቸው ጫፍ ነኩና ድምፃቸው ተለወጠ። «እና አሁን እነዚህ ወደ ሜዳው ይሄዳሉ።»

«አዎ፣ እማ።»

«አንቺም።»



ፊውዝ ልጅቱንና ስንዴዎቹን ሊወስድ ሲመጣ ፀሐይ ፊቱን አጥቁራው፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። እናት መጀመሪያ ውሃ ሰጡት። ጠጥቶ እስኪጨርስ ጠብቀው «እኔ ያጠፋሁትን ለምን ተሸከምከው?» አሉት።

«በሩን የከፈትኩት እኔ ነኛ፣ እማማ።»

እናት ፊታቸውን አዞሩ። «ቁልፉን አንገቴ ላይ ማሰር ትቻለሁ» አሉ። ይኼው ነበር ፈቃዳቸው። ልጅቱና ፊውዝ የጋብቻቸውን ወረቀት ፈረሙ፤ ፕሮፌሰሯም ምስክር ሆኑ፣ ቂማቸውንም ለዚያ ቀን ተዉት።

የሚሄዱ ዕለት ቀና ያሉት ስንዴዎች በትሪ ተደርድረው መኪና ላይ መጫን ነበረባቸው። ፕሮፌሰሯ ለዚያ ቀን ብቻ ፊውዝ እንዲገባ ፈቀዱ። የመጨረሻው ትሪ ሲቀር ልጅቱ አንዱን ጎን፣ እሱ ሌላውን ጎን ይዘው ወደ ጠባቧ ክፍል ገቡ። እናት ውስጥ፣ ባዶው ጠረጴዛ አጠገብ ቀሩ። የውስጠኛውን በር በእጃቸው ይዘውታል።

የውጭው በር አልተከፈተም።

«መለዋወጫው እስካሁን አልመጣም?» አለች ልጅቱ በሹክሹክታ።

«ጸሎቴ በዝቶ ነው መሰለኝ» አለ ፊውዝ። አልሳቁም።

እናት በሩን ይዘው ያይዋታል። እጃቸውን ከበሩ ጠርዝ አላነሱም። ልጅቱ የእናቷ አንገት ላይ ክሩ የነበረበትን ቀጭን መስመር አየች።

«እማ» አለች ቀስ ብላ። «ከውስጥ ካልገፋሽው አይከፈትልንም።»

እናት አንዴ ስንዴውን፣ አንዴ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ በሩን በሁለት መዳፋቸው ገፉት። ቀጭ አለ። የውጭው በር ተከፈተ፤ ብርሃንና ነፋስ ተግተልትለው ገቡ።

ወዲያው ስልኳ ጮኸ። እጇ በትሪው ተይዟል። ፊውዝ ትሪውን በጉልበቱ ደግፎ ስልኩን ከኪሷ አወጣና ጆሮዋ ላይ አደረገላት። ዞር ስትል እናቷ በመስታወቱ ወዲያ ስልክ ጆሯቸው ላይ አድርገው ቆመዋል።

«ውሃ ይዛችኋል?» አሉ።

«ይዘናል፣ እማ።»